ተፈትቶ የሚገጠም ዕቃ ናፍቆት

በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች መሐልም ሆነ በየአውራ ጎዳናው ዳር፣ ቀድሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ መጋዘን ወይም ትልቅ የልብስ መደብር በነበሩና ሥራቸው ተዳክሞ በተዘጉ ሕንፃዎች ውስጥ፣ «አንቲክ ሞል» የሚባል የገበያ ዓይነት ተስፋፍቶ ይገኛል። አንቲክ ሞል ብዙ ነጋዴዎች አንድን አዳራሽ በትንንሽ ክፍልና በመስታወት ቁም ሣጥን ተከፋፍለው እየተከራዩ የቆዩ ዕቃዎችን የሚሸጡበት ቦታ ሲሆን፣ ከተራው ሱቅ የሚለየው ዋናው ነገር ሻጩ ከዕቃው አጠገብ የማይቆም መሆኑ ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ በክር የታሰረች ትንሽ ወረቀት ትንጠለጠላለች፤ በወረቀቷ ላይ የዕቃው ስም፣ ዋጋውና የሻጩ መለያ ቁጥር ይጻፋል፤ ገዢው የፈለገውን አንሥቶ በር አጠገብ ላለው አንድ ገንዘብ ተቀባይ ይከፍላል፤ የአዳራሹ ባለቤትም ከየነጋዴው የቦታ ኪራይ፣ ብዙ ጊዜም ከሽያጩ ላይ ጥቂት ኮሚሽን ያገኛል። በዚህ አሠራር የተነሣ ጎብኚው ማንም ሳያዋክበውና ማንም ግዛ ሳይለው ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወረ ግማሽ ቀን ሊያሳልፍ ይችላል፤ የቦታው ተወዳጅነትም በከፊል የሚመነጨው ከዚህ ነጻነት ነው።

የንግዱ ስፋት ለውጭ ሰው ያስገርማል። በፔንስልቬንያ የምትገኘው አዳምስታውን የምትባል ትንሽ ከተማ በጎዳናዋ ግራና ቀኝ በተደረደሩት እንዲህ ባሉ አዳራሾች ምክንያት የአሜሪካ የአንቲክ መዲና የሚል ቅጽል አትርፋለች፤ የማሳቹሴትሷ ብሪምፊልድም ከ1959 ጀምሮ የሚካሄድ፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ሜዳ ላይ የሚዘረጋ ትልቅ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አላት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1987 በተጀመረና እየሰፋ በመጣ ልማድ መሠረት ደግሞ በየዓመቱ በኦገስት መጀመሪያ ከሚሺጋን እስከ አላባማ ስድስት ግዛቶችን አቋርጦ 690 ማይል ወይም 1,110 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሄድ መንገድ ዳር ነዋሪዎች ዕቃቸውን አውጥተው ይሸጣሉ። በአሜሪካ የጉምሩክ ሕግ አንድ ዕቃ አንቲክ ተብሎ ከቀረጥ ነጻ የሚገባው ዕድሜው ከ100 ዓመት ሲያልፍ ነው፤ በአዳራሾቹ ውስጥ ከሚታየው ዕቃ አብዛኛው ግን ይህን ዕድሜ ያልደረሰ፣ ነጋዴዎቹ «ቪንቴጅ» በሚል ስም የሚጠሩት፣ የአያትና የወላጅ ዘመን ዕቃ ነው።

ለረጅም ጊዜ የዚህ ንግድ ምሰሶ ሆነው የቆዩት ከባድ የእንጨት ቁም ሣጥኖች፣ የምግብ ጠረጴዛዎችና የገበታ ዕቃዎች ነበሩ። የቤቶች ይዞታና የወጣቱ አኗኗር ሲለወጥ ግን የእነዚህ ዋጋ በእጅጉ ወረደ። በአንጻሩ ሬዲዮ፣ ስልክ፣ ካሜራ፣ የጽሕፈት መኪና፣ የሸክላ ማጫወቻና የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ የተደረደሩበት ክፍል ዕድሜው የገፋውንም ሆነ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላውን ጎብኚ እኩል ያስቆማል። ሽማግሌው ሰው የሚነካው ዕቃ በልጅነቱ ቤቱ ውስጥ የነበረ በመሆኑ ስሜቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ ማብራሪያ የሚፈልገው ስሜት ካሴት ጠፍቶ ካበቃ በኋላ የተወለደው ወጣት ዎክማን የሚባለውን የኪስ ካሴት ማጫወቻ አንሥቶ ቁልፎቹን እየተጫነ ለረጅም ጊዜ እንዲቆም የሚያደርገው ነው።

ናፍቆት በአውሮፓ ሕክምና ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበው እንደ በሽታ ነው። በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባሉ ወጣት የሕክምና ተማሪ ባዝል ከተማ ባቀረቡት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ስዊሳውያን ላይ የሚታየውን ከቤት ናፍቆት የሚመጣ ልብ መሰበር፣ እንቅልፍ ማጣትና መክሳት ስም ሰጥተው በበሽታነት ገለጹት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት መቶ ዓመታት ናፍቆት ከሩቅ ስፍራ ይልቅ ካለፈ ጊዜ ጋር እየተያያዘ መጣ፤ የዘመናችን የሥነ ልቦና ሊቃውንትም፣ በተለይ በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ኮንስታንቲን ሴዲኪደስና ባልደረቦቻቸው ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ ናፍቆት ሰው ከሌሎች ጋር ያለውን ትስስር የሚያድስበትና ብቸኝነትን የሚቋቋምበት ጤናማ ስሜት መሆኑን አሳይተዋል። በሌላ በኩል የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ምሁራን ሰዎች ሕይወታቸውን ወደ ኋላ ሲቃኙ ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜያቸው ባለው ጊዜ የሆነው ነገር ከሌላው ዘመን ይልቅ ጎልቶ እንደሚመጣላቸው ይናገራሉ። እነዚህ ግኝቶች የሽማግሌውን ስሜት በሚገባ ያስረዳሉ። ወጣቱን ግን አያስረዱም፤ እሱ የሚያስታውሰው ዘመን ይህ አይደለምና። ስለዚህ ምክንያቱ ከሰውየው ትዝታ ባሻገር በዕቃው በራሱ ተፈጥሮ ውስጥ መፈለግ አለበት፤ ይህንንም ለመረዳት ከመደርደሪያው አንድ ስልክ አውርዶ መፍታት ይበቃል።

በአሜሪካ አዳራሾች ውስጥ እንደ ልብ የሚገኘው ስልክ፣ ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተባለው ፋብሪካ ለቤል የስልክ ድርጅት ከ1949 ጀምሮ የሠራው፣ የቅርጹም ንድፍ በሄንሪ ድራይፈስ የወጣ፣ «ሞዴል 500» የሚባለው ነው። ጣት አስገብተው የሚያዞሩት ክብ የቁጥር ሰሌዳ አለው። ጣት ከጉድጓዱ ሲወጣ ሰሌዳውን ወደ ቦታው የሚመልሰው ከሥሩ የተጠመጠመ ሞላ ነው፤ ፍጥነቱንም የሚቆጣጠር ትንሽ መሣሪያ ስላለ ሰሌዳው ሁልጊዜ በእኩል ርምጃ ይመለሳል፤ በሚመለስበትም ጊዜ በስልኩ ሽቦ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ጅረት በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ያቋርጣል። 3 የተደወለ እንደሆነ ሦስት ጊዜ፣ 9 የተደወለ እንደሆነ ዘጠኝ ጊዜ፣ ዜሮ የተደወለ እንደሆነ አሥር ጊዜ ይቋረጣል፤ በስልክ ጣቢያ ያለው መሣሪያ የሚያደርገው ይህንኑ መቁጠር ብቻ ነው። ስለዚህ ደዋዩ የሚሰማው የመንኳኳት ድምፅ ለጌጥ የተጨመረ አይደለም፤ ቁጥሩ በሽቦው ሲሄድ የሚሰማ የራሱ የሥራው ድምፅ ነው።

የስልኩ ክዳን ከሥሩ በካቻቪቴ ተፈትቶ ይነሣል። በውስጡ ሁለት እውነተኛ የብረት ደወሎችና በመካከላቸው የሚመላለስ መምቻ ይታያሉ፤ ሽቦዎቹ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ እየሆኑ ጫፋቸው ላይ ሹካ መሰል ብረት ተገጥሞላቸው በብሎን የታሰሩ ስለሆነ ለመቀየር ብየዳ አያስፈልግም። የመነጋገሪያው አፍ በእጅ ተጠምዝዞ ሲወጣ የድምፅ መቀበያው ክፍል ያለ ምንም መሣሪያ መዳፍ ላይ ይወድቃል። ይህ ሁሉ ለደንበኛው ደግነት ታስቦ የተደረገ አይደለም፤ ምክንያቱ ንግድ ነበር። በዚያን ጊዜ የስልክ ደንበኛው መሣሪያውን አይገዛም፤ በየወሩ ኪራይ እየከፈለ የድርጅቱን ንብረት ይጠቀማል። ስልኩ ሲበላሽ ወጪው የድርጅቱ ስለሆነ ድርጅቱ በተቻለ መጠን የማይሰበር፣ ከተሰበረም ሠራተኛው ደንበኛው ቤት ቆሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚጠግነው ዕቃ መሥራቱ ጥቅሙ ነበር። ቤል በ1984 ተከፋፍሎ የስልክ መሣሪያ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በየሱቁ መሸጥ ሲለመድ፣ ርካሽና ቀላል የሆነ፣ ሲበላሽ ግን የሚጣል ስልክ ገበያውን ሞላው። የዕቃው ጥንካሬ የሠሪዎቹ ዘመን ሰዎች ከዛሬዎቹ የተሻሉ ስለነበሩ የመጣ ሳይሆን የብልሽቱን ዕዳ ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ የወሰነው መሆኑ በሚገባ ሊጤን ይገባዋል፤ የድሮ ዕቃ ወዳጆች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህንን ነውና።

ከስልኩ ጎን የሚቀመጠው ሬዲዮም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እስከ 1950ዎቹ የነበሩት ሬዲዮዎች የሚሠሩት በቫኪዩም ቲዩብ ነበር፤ ይህም አየር የተመጠጠበት አምፖል መሰል ብልቃጥ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ሽቦ ሲግል ከሚለቀቁት ኤሌክትሮኖች የተነሣ ደካማውን የሬዲዮ ምልክት አጎልብቶ ድምፅ ማጉያውን ለማንቀሳቀስ ያበቃዋል። ቲዩቡ እስኪሞቅ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ ሬዲዮው እንደ ተከፈተ ወዲያው አይናገርም፤ መጀመሪያ ከጀርባው ብርቱካናማ ፍም የመሰለ ብርሃን ይታያል፣ ቀጥሎ ዝቅተኛ ጉምጉምታ ይሰማል፣ ከዚያ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው እየቀረበ ይሄዳል። ቲዩቡ እንደ አምፖል ዕድሜ ስላለው መቃጠሉ አይቀርም፤ ስለዚህ በብዙዎቹ ሬዲዮዎች የውስጥ ግድግዳ ላይ የትኛው ቲዩብ የት እንደሚሰካ የሚያሳይ ሥዕል ያለበት ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ የመድኃኒት መሸጫ ሱቆች ሳይቀር የቲዩብ መፈተሻ ማሽን ይቆም ነበር፤ ሬዲዮው ወይም ቴሌቪዥኑ የተበላሸበት ሰው ቲዩቦቹን ነቅሎ በወረቀት ከረጢት ይዞ ይሄድና አንድ በአንድ ሰክቶ የተቃጠለውን በመለየት እዚያው አዲሱን ገዝቶ ይመለሳል። አንድ የቤት እመቤት ወይም አንድ የ15 ዓመት ልጅ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ሳይኖረው የቤቱን ሬዲዮ ይጠግን ነበር ማለት ነው። ከዛሬው ተጠቃሚ እጅ የወጣው ይህ ችሎታ ነው፤ የወጣቱን ቀልብ የሚስበውም፣ ምንም እንኳ ስም ባይሰጠው፣ ይኸው ይመስላል።

ለውጡ የጀመረው በ1947 መጨረሻ ጆን ባርዲን፣ ዋልተር ብራቴንና ዊልያም ሾክሊ በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተርን በፈለሰፉ ጊዜ ነው። ትራንዚስተር የቲዩቡን ሥራ ያለ ሙቀትና ያለ ብልቃጥ የሚሠራ ጥቃቅን መሣሪያ ሲሆን፣ በ1954 ሪጀንሲ ቲአር-1 የተባለው አራት ትራንዚስተር ያለው የኪስ ሬዲዮ በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ለገበያ ቀረበ። ሬዲዮ ከሳሎን ወጥቶ ኪስ ገባ፤ ቤተሰብ ከቦ የሚሰማው ነገር ልጅ ከመኝታው ሥር የሚደብቀው ነገር ሆነ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ የኤሌክትሪክ መስመር ወዳልደረሰበት የአፍሪካና የእስያ ገጠር የገባውም በትራንዚስተር ምክንያት ነው። ይህን ያህል ጥቅም የሰጠ ግኝት ጥፋት ተቆጥሮ ሊወቀስ አይችልም። ይሁን እንጂ ትራንዚስተሮቹ በሺህ፣ ቀጥሎም በሚሊዮንና በቢሊዮን እየሆኑ በአንዲት የሲሊከን ቅንጣት ላይ ሲታተሙ፣ ዕቃው ምን እንደሚሠራ በዓይን ማየት ፈጽሞ የማይቻል ሆነ፤ በኋላም ክዳኑ በብሎን ፈንታ በሙጫ ይዘጋ ጀመር።

ናፍቆት መርጦ እንደሚያስታውስ አዳራሾቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ከእነዚያ የሚያማምሩ ሬዲዮዎች መካከል በርካሽ የተሠሩት አምስት ቲዩብ ያላቸው የአሜሪካ ሬዲዮዎች ከግድግዳው ኤሌክትሪክ የሚለያቸው ትራንስፎርመር የላቸውም፤ የውስጥ ብረታቸው ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር በቀጥታ ሊገናኝ ስለሚችል የማዞሪያው መሸፈኛ የወለቀበት ሬዲዮ የነካውን ሰው ሊገድል ይችላል። በሰም የተነከሩት፣ ካፓሲተር የሚባሉት የወረቀት ኤሌክትሪክ ማከማቻዎቻቸውም በዕድሜ ብዛት ስለሚበላሹ፣ ገዢው ከአዳራሽ ያመጣውን ሬዲዮ ባለሙያ ሳያየው ሶኬት ላይ ቢሰካ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚታዩት የጥንት የጠረጴዛ ሰዓቶች ደግሞ የከፋ ታሪክ አላቸው። ቁጥሮቻቸው በጨለማ እንዲያበሩ የተቀቡት ራዲየም በተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነበር፤ በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ በኒው ጀርሲ ኦሬንጅ ከተማ የሰዓት ገጽ ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እንዲያሾሉ ታዘው ስለነበር መንጋጋቸው እየበሰበሰ፣ አጥንታቸው እየተሰባበረ ብዙዎቹ ሞቱ፤ ከእነሱ መካከል አምስቱ ያቀረቡት ክስ በ1928 በካሣ ስምምነት ተዘግቶ ለሠራተኞች ደኅንነት ሕግ መንገድ ጠርጓል። ዛሬ የእነዚያ ሰዓቶች ቁጥር አያበራም፤ የደከመው ግን ብርሃን ሰጪው ቀለም እንጂ ራዲየሙ አይደለም፤ የራዲየም ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ የሚወስደው ጊዜ፣ 1,600 ዓመት ገደማ ነው። ያለፈውን ዘመን ዕቃ የሚወድ ሰው የሠሩትን እጆች ጭምር ማስታወስ ይኖርበታል።

በአዳራሾቹ ውስጥ ብዙ ሰው ተደፍቶ የሚገኘው ሸክላ በተሞሉ የእንጨት ሣጥኖች ላይ ነው። ቶማስ ኤዲሰን በ1877 ድምፅ የቀረጹት በቆርቆሮ ወረቀት በተጠቀለለ ሲሊንደር ላይ ነበር፤ ጠፍጣፋውን ሸክላ ያመጡት ከአሥር ዓመት በኋላ ኤሚል በርሊነር ናቸው። ጥንታዊዎቹ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩ ሸክላዎች የሚሠሩት በእስያ ዛፎች ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫ ስለነበር ሲወድቁ እንደ ሳህን ይሰበራሉ፤ በ1948 ኮሎምቢያ ኩባንያ ከፕላስቲክ የተሠራውንና በአንድ ገጽ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚይዘውን ሎንግ ፕሌይ ሲያወጣ፣ በዓመቱ አርሲኤ ቪክተር በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን ሸክላ አስከተለ። የሸክላው ቦይ የድምፁ ሞገድ ቅርጽ ራሱ ነው፤ ኤሌክትሪክ ባይኖር እንኳ መርፌ የተሰካበት ወረቀት ጠቅልሎ በሚዞረው ሸክላ ላይ ቢያስጠጉት በቀጭኑ ይናገራል። ሲዲ ሊገድለው ነው የተባለው ይህ ዕቃ በ2022 በአሜሪካ 41 ሚሊዮን ያህል ተሸጦ፣ 33 ሚሊዮን ከተሸጠው ሲዲ በቁጥር ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ታሪክ የምትገባው በዚሁ በር ነው። በ1969 ወጣቱ አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ ደፍረው አምሃ ሬከርድስን አቋቁመው የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በህንድ አገር አሳተሙ፤ ድርጅታቸውም እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ባለ 45 ሸክላዎችን አወጣ። እነዚያ ትንንሽ ሸክላዎች በብዙ ቤት ውስጥ ተቧጭረው፣ ማጫወቻቸው ተበላሽቶ፣ መርፌ ጠፍቶ ተጣሉ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ርዕስ ዘፈኖቹን በሲዲ እንደገና ሲያሳትሙ፣ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች በዓለም ሰብሳቢዎች ዘንድ ብርቅ ሆኑ። አዲስ አበባ ውስጥ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ጠጥቶ የቆየ ሸክላ በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ ዋጋ የሚያወጣ ንብረት መሆኑን ብዙ ቤተሰብ ያወቀው ከሸጠው ወይም ከጣለው በኋላ ነው፤ ይህ በእውነት የሚያስቆጭ ነው።

ካሴት ደግሞ ከሸክላ ይልቅ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። ሉ ኦተንስ የተባሉት የፊሊፕስ ኩባንያ መሐንዲስ ካሴትን ከመንደፋቸው በፊት አንድ የእንጨት ቁራጭ በኮታቸው ኪስ ልክ አስጠርበው፣ መሣሪያው ከዚህች እንጨት እንዳይበልጥ ወሰኑ፤ በ1963 በበርሊን የሬዲዮ አውደ ርዕይ ላይ የቀረበው ካሴትም በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር የሚጓዝ፣ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ክር የያዘ ነበር። ሸክላ ለማሳተም ፋብሪካ ያስፈልጋል፤ ካሴት ግን ቴፕ ያለው ሁሉ የሚቀዳበት፣ የሚያጠፋበትና እንደገና የሚቀዳበት ስለሆነ፣ ስብከትም፣ የሠርግ ዘፈንም፣ ወደ ባዕድ አገር ለሄደ ልጅ የሚላክ የእናት ድምፅም ተሸክሞ ተጉዟል። ክሩ ሲላላ በእርሳስ የሚጠነጠን፣ ሲበጠስ በፕላስተር የሚቀጠል ዕቃ ነው። ሶኒ በ1979 ያወጣው የመጀመሪያው ዎክማን፣ ሰማያዊና ብርማ ቀለም ያለው ሞዴል ቲፒኤስ-ኤል2፣ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያና ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ ሁለቱ አድማጮች በማይክሮፎን እንዲነጋገሩ የሚያስችል ብርቱካናማ ቁልፍ ነበረው፤ ሠሪዎቹ ሰው ብቻውን ሙዚቃ መስማቱ ነውር እንዳይመስል አስበው ያደረጉት ነው። ዛሬ በአዳራሽ የሚገኙት አብዛኞቹ አይሠሩም፤ ውስጣቸው ያለችው ቀጭን የጎማ ቺንጋ ከዕድሜ ብዛት ቀልጣ እንደ ቅጥራን ጣት ላይ ትጣበቃለች። እሷን ጠራርጎ አዲስ ቺንጋ ማጥለቅ ብዙውን ጊዜ ዕቃውን ለማስነሣት ይበቃል።

በአንድ ካሴት ምን ሊሆን እንደሚችል የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ከማንኛውም ማስረጃ በላይ ያሳያል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት አርቲስት ኃይሉ በ1985 በአሜሪካ ሳሉ አኮርዲዮንንና ኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያዎችን አዋሕደው አንድ ካሴት አወጡ፤ ከዚያም ዓመታት አልፈው በዋሽንግተን አቅራቢያ ባለው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዱ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ከመኪናው ኋላ ኪቦርድ እያወጡ ይለማመዱ ነበር። የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስቡት አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትስ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ አገኙት፤ በ2013 በሸክላና በሲዲ እንደገና ሲታተምም ሙዚቀኛው ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሱ። ሱቁ ካሴቱን ባያቆየው ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ዕቃው ቢጠበቅም ምግቡ ሲቋረጥ ምን እንደሚገጥመው ካሜራዎቹ ይናገራሉ። የኮዳክ ኮዳክሮም ፊልም ከ1935 ጀምሮ በቀለሙ ውበት የታወቀ ነበር፤ ቀለሙ ግን በፊልሙ ላይ ሳይሆን በአጠባው ጊዜ የሚጨመር ስለነበረ እጅግ የተወሳሰበ ሂደት ይጠይቅ ነበር። ኮዳክ በ2009 ማምረቱን አቆመ፤ በዓለም የመጨረሻ የሆነው በካንሳስ ፓርሰንስ ከተማ ያለው ማጠቢያ ቤትም በ2010 መጨረሻ ይህን ፊልም መቀበሉን አቆመ። በአዳራሽ ከተገዛ ካሜራ ሆድ ዛሬ ያልታጠበ ኮዳክሮም ቢገኝ በጥቁርና ነጭ ሊወጣ ይችል ይሆናል፤ ቀለሙ ግን ለዘላለም ጠፍቷል። ኤድዊን ላንድ በ1947 ያስተዋወቁት፣ ፎቶውን ወዲያው የሚያወጣው ፖላሮይድ ግን ሌላ ዕድል ገጠመው፤ ኩባንያው በ2008 ፊልም ማምረት እንደሚያቆም ሲያስታውቅ ጥቂት ሰዎች በኔዘርላንድስ ኤንስኬደ የነበረውን የመጨረሻ ፋብሪካ ማሽኖች አድነው፣ የጠፉትን ኬሚካሎች በሌላ ተክተው በ2010 አዲስ ፊልም አወጡ፤ በ2020ም ድርጅታቸው ራሱ ፖላሮይድ ተባለ።

የጽሕፈት መኪና ይህን ያህል ችግር የለበትም፤ የሚፈልገው ሪባንና ዘይት ብቻ ነው። ቁልፉ ሲመታ ዘንጉ፣ የዘንጉ ጫፍ ፊደል፣ ሪባኑና ወረቀቱ ተከታትለው ሲነካኩ በዓይን ይታያሉ። ከሁለት መቶ በላይ ፊደላት ላሉት ለአማርኛ ግን መኪናው ቀላል አልነበረም፤ ስማቸው ከአማርኛ የጽሕፈት መኪና ጋር የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የነደፉትም ሆነ በኋላ ኦሊቬቲ ያመረታቸው መኪናዎች ፊደሉን ከነምልክቱ በጥቂት ቁልፎች ለማብቃቃት ብዙ መድከምን ጠይቀዋል፤ በዚያ የተጻፉ ደብዳቤዎች ላይ ቅጥያዎቹ ከፊደሉ ጥቂት ተለያይተው የሚታዩት ለዚህ ነው።

ከ1995 በኋላ ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት ጨረታ ገበያውን ለወጠው። አንድ ነጋዴ በከተማው አንድ ብቻ አየሁ ብሎ ብርቅ ያለው ዕቃ በአገሪቱ በሺህ የሚቆጠር መሆኑ ሲታወቅ የብዙው ዋጋ ወረደ፤ በእርግጥ ጥቂት የሆነው ደግሞ ናረ። አዳራሾቹ ግን አልጠፉም፤ ሞላውን ለመጠምዘዝ፣ የማዞሪያውን ክብደት ለመመዘን፣ ክዳን ከፍቶ ለማየት ሥዕል አይበቃምና።

ዕቃን ከፍቶ የማየትና የመጠገን ይህ ፍላጎት በአሜሪካ ከአዳራሹ ወጥቶ ሕግ አውጪዎች ዘንድ ደርሷል። የማሳቹሴትስ ግዛት በ2012 የመኪና አምራቾች የጥገና መረጃ ለማንኛውም ጋራዥ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ ኒው ዮርክ በ2022፣ ሚኒሶታና ካሊፎርኒያ በ2023 ይህንኑ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች አስፋፉት። የካሊፎርኒያው ሕግ ዋጋው 100 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ዕቃ አምራች፣ ሞዴሉ ተሠርቶ ካበቃ በኋላ ለሰባት ዓመት ያህል መለዋወጫ፣ የጥገና መሣሪያና መመሪያ ለባለቤቱም ለገለልተኛ ጠጋኝም እንዲያቀርብ ያዛል፤ ከ50 ዶላር ጀምሮ 100 ዶላር ለማይሞላው ደግሞ ሦስት ዓመት። ከ70 ዓመት በላይ የሆነውና በአንድ ካቻቪቴ የሚፈታው ሞዴል 500 በመደርደሪያው ላይ ሳለ ሰባት ዓመት ጥቂት መስሎ ቢታይም፣ መለዋወጫና መመሪያ በሕግ የተረጋገጠለት ስልክ በሙጫ ከታሸገውና ከአምራቹ በቀር ማንም እንዳይነካው ከተደረገው እጅግ ይሻላል።